ለመርሴን ስንት ማርክ ይገባዋል?

147,573,952,589,676,412,927። ይህ ባለ 21 አሃዝ ቁጥር በዘፈቀደ የተደረደረ አይደለም፤ 67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ከውጤቱ ላይ አንድ ስንቀንስ የምናገኘው ነው። ትልቅነቱን ለመገመት በጤፍ እንስፈረው። በመጀመሪያው ስፍራ አንድ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያልን፣ እያጠፍን እስከ 67ኛው ስፍራ ብንዘልቅ የፍሬው ድምር ልክ ይህ ቁጥር ይሆናል። አንድ ሺህ ፍሬ ጤፍ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል ብለን ብንነሳ ክምሩ ወደ 44 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል፤ የዓለም ገበሬ በሙሉ አሁን በሚያመርትበት መጠን የ15 ዓመት ያህል የስንዴ፣ የበቆሎ፣ የሩዝና የሌላው እህል ምርት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለጋዜጣ ያበቃሁት ግን ስለ ብዛቱ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1644 እስከ 1903 ባለው ጊዜ ሦስት ሰዎች ስለዚህ ቁጥር ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥተዋል። መልሶቹ የተለያዩበትን ነገር ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ የሒሳብ ፈተናዎቻችን ከተማሪ ምን መጠየቅ እንዳለባቸውም የሚያይ ይመስለኛል።

ጥያቄው ለመጠየቅ ቀላል ነው፦ ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም? ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለውን ነው። ሁለት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ 3፣ ሦስቱ 7፣ አምስቱ 31፣ ሰባቱ 127 ይሰጣሉ፤ አራቱም ብቸኛ ናቸው። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ ሊሆን እንደማይችል በቀላሉ ይረጋገጣል። ስለዚህ መመርመር የሚያስፈልጋቸው የሁለቶቹ ብዛት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ በብቸኛ ቁጥሮች የሚሄዱት ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ «እንግዲያው እነዚህ ሁሉ ብቸኛ ይሆናሉ» ብሎ መቸኮል ያምራል፤ የቸኮሉም ነበሩ። ግን 11 ሁለቶች 2047ን ይሰጣሉ፣ 2047 ደግሞ 23 በ89 ነው፤ ይህ ገና በ1536 ታትሞ ወጥቷል። ከዚያ በ1644 ፈረንሳዊው መነኩሴ ማራን መርሴን፣ የሁለቶቹ ብዛት እስከ 257 ሲደርስ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው በ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። ማረጋገጫ አላቀረበም። መርሴን ግን ተራ ሰው አልነበረም፤ ከደካርትና ከፌርማ ጋር የሚጻጻፍ፣ የዘመኑ ሊቃውንት ደብዳቤ የሚያልፍበት ሰው ነበር። እነዚህ ቁጥሮች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትሾ ያለቀው በ1947 ነው፤ ሦስት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። አምስት ስህተት ተገኘበት። 67 እና 257 መግባት አልነበረባቸውም፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ መግባት ሲገባቸው ቀርተዋል። እስከ 257 ድረስ 55 ብቸኛ ቁጥሮች ስላሉ መርሴን የመለሰው 55 የ«ነው» ወይም «አይደለም» ጥያቄዎችን ነው ማለት እንችላለን። ከ55ቱ 50 አግኝቷል፤ 91 በመቶ። በየትኛውም ትምህርት ቤት ደረጃ የሚያሰጥ ውጤት ነው። አሁን ሌላ ተፈታኝ እናስቀምጥ። ብቸኛ ቁጥር ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ 55ቱንም «አይደለም» ብሎ ሞልቶ ወጣ። በእርግጥ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 12 ብቻ ስለሆኑ ይህ ተፈታኝ 43 ያገኛል፤ 78 በመቶ። በአንድ ታላቅ ሊቅና ምንም በማያውቅ ሰው መካከል ያለው ርቀት ወደ 13 ነጥብ ወርዷል። ጥፋቱ የቁጥሮቹ አይደለም፤ መልስን ብቻ የሚቆጥር መለኪያ እውቀትን ከድንቁርና የሚለይበት ወንፊት ስለሌለው ነው።

ሁለተኛው ሰው ኤድዋር ሉካስ ነው። በ1876 ይህ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው 67 ሁለቶች የሚሰጡት ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ቁጥሩን የሚያካፍል አንድም ቁጥር ግን አላገኘም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጠራጠራል። የሚያካፍለውን ሳያሳዩ ይካፈላል ማለት ይቻላል? ይቻላል፤ እንዴት እንደሚቻል ማየቱም ደስ ይላል። አሜሪካዊው ሌመር በ1930ዎቹ ዋዜማ ባቀለለው መልኩ ስሌቱ ከ4 ይነሳል። ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ ሁለት መቀነስ፣ በሚመረመረው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን መያዝ፣ ቀሪውን ይዞ ደግሞ ያንኑ መድገም ነው። የሁለቶቹ ብዛት 5 ሲሆን ሦስት ጊዜ፣ 67 ሲሆን 65 ጊዜ ይደገማል። በመጨረሻ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ዜሮ ካልሆነ አይደለም። በ31 እንሞክረው። 4 በ4 16፣ ሁለት ሲቀነስ 14። 14 በ14 196፣ ሁለት ሲቀነስ 194፤ ለ31 ሲካፈል 8 ይቀራል። 8 በ8 64፣ ሁለት ሲቀነስ 62፤ 62 ለ31 ያለ ቀሪ ይካፈላል። 31 ብቸኛ ነው፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ5 እያልን ማካፈል አላስፈለገንም።

65 እርምጃ ለእንዲህ ያለ ግዙፍ ቁጥር የሚበቃው በማጠፍ ኃይል ነው። በውጭ አገር የሒሳብና የኮምፒውተር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ የሚጠራ ዘዴ አለ። የሩሲያ ገበሬዎችም ዘዴ ይባላል፤ የጥንት ግብጾችም በማጠፍ ያባዙ እንደነበር ፓፒረሶቻቸው ያሳያሉ፤ የማን ይቅደም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው። 67ን በ45 ለማባዛት 67ን እየገመሱ መውረድ ነው፤ ትርፉን እየተው 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በአንጻሩ 45ን እያጠፉ መውጣት፤ 90፣ 180፣ 360፣ 720፣ 1440፣ 2880። ከዚያ ከኢተጋማሾቹ ከ67፣ ከ33 እና ከ1 ትይዩ ያሉትን 45፣ 90 እና 2880 መደመር ነው፤ 3015 ይመጣል። 67 ጊዜ መደመር የነበረበት ሥራ በስድስት እጥፋት አለቀ። በሉካስ ምርመራም ቁጥርን በራሱ ማባዛት እንዲሁ መንገዱን በእጥፍ ያራምዳል። ይህን በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል ልጅ እጅ ላይ ያለ ዘዴ ስናይ፣ ትልቁ ቁጥርና ትንሹ ተማሪ የሚገናኙበት መንገድ ረጅም አለመሆኑ ይገባናል።

ሦስተኛው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው መምህር ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። ጥቅምት 31 ቀን 1903 ኒውዮርክ ውስጥ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሁለት ቁጥሮችን አቀረበ፦ 193,707,721 እና 761,838,257,287። ሲባዙ 147,573,952,589,676,412,927 ይሰጣሉ። ኤሪክ ቴምፕል ቤል የተባለው የሒሳብ ጸሐፊ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደተረከው ኮል ቃል ሳይተነፍስ ሰሌዳው ላይ አባዝቶ ተቀመጠ፣ አዳራሹም አጨበጨበ፤ ሥራው ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅም የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ መለሰ። ትረካው ሲነገር ሲነገር ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ብዜቱ ግን ትረካ አይደለም። አንባቢ እርሳስ አንስቶ ሊያየው ይችላል። የሁለቱ ቁጥሮች መጨረሻ 21 እና 87 ነው፤ 21 በ87 1827 ስለሆነ የብዜቱ መጨረሻ 27 መሆን አለበት፣ ነውም። የመጀመሪያው ቁጥር አሃዞች ሲደመሩ 37፣ የሁለተኛው 64 ይሆናሉ፤ ሁለቱም ለ9 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው፤ ስለዚህ የብዜቱም ቀሪ 1 መሆን አለበት። የብዜቱ አሃዞች ድምር 109 ነው፤ ለ9 ሲካፈል ቀሪው 1። እነዚህ ሁለት ፍተሻዎች ስህተትን ያጋልጣሉ እንጂ ትክክለኛነትን በሙሉ አያረጋግጡም፤ ሙሉ ማረጋገጫ የሚሻ ሰው ሙሉውን ያባዛል። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ኮል እነዚህን ቁጥሮች ያገኘው በጭፍን በማካፈል አልነበረም። ከ193,707,721 በታች ወደ 97 ሚሊዮን የሚጠጉ ኢተጋማሽ ቁጥሮች አሉ፤ በእሑዶች ቀርቶ በዕድሜ ልክም አያልቁም። ከፌርማ ዘመን ጀምሮ እንደሚታወቀው ግን ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ቁጥር ለ134፣ ማለትም ለ67 እጥፍ፣ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። ይህ አንድ ወንፊት ብቻ 97 ሚሊዮኑን ወደ 1,445,580 ያወርደዋል። ደግሞም ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት፤ ይህኛው ወንፊት ከቀሩት ግማሹን ያስወግዳል። የኮል ወንፊት ከዚህም የረቀቀ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ትዕግሥቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከማካፈሉ በፊት ምኑን ማካፈል እንደማያስፈልገው ማወቁ ነው። የሒሳብ እውቀት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ የመጨረሻው መልስ ብቻውን አያሳይም።

ወደ ራሳችን ፈተናዎች ስመጣ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደንግጧል፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። ክርክሩ ግን በአብዛኛው ስንት ሰው አለፈ በሚለው ላይ ቀረ። ፈተናው ምን ዓይነት መልስ ይቀበላል የሚለው ጥያቄ ያንኑ ያህል ክብደት ነበረው። የሒሳብ ፈተናችን ከአራት ምርጫ አንዱን ፊደል ይቀበላል፤ በወረቀት ላይ ቢጠቆርም በኮምፒውተር ቢጫንም ያው ነው። ተማሪው መርሴን ይሁን፣ ሉካስ ይሁን፣ ወይም 55ቱንም «አይደለም» ብሎ የሞላው ተፈታኝ ይሁን ፊደሉ አይናገርም። ለዝቅተኛው ውጤት መንስኤው የምርጫ ጥያቄ ነው እያልኩ አይደለም፤ መንስኤው ብዙ ነው። የምለው፣ ከፈተናው ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄዎች ተማሪው መንገዱን በራሱ እጅ ጽፎ የሚያሳይባቸው ይሁኑ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮም የክፍል ፈተናዎች በዚያ መንገድ ይዘጋጁ ነው። ፈተናው የማይጠይቀውን መምህሩ አያስተምርም፣ ተማሪውም አይማርም።

ሐሳቡ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ቀሪውን መደብ ይለዋል፤ አንድ ሲቀንስ ወንበር ያገኛል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲያካፍል የሚቀረው አበቅቴ፣ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲያካፍል የሚቀረው መጥቅዕ ነው። በ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518፣ መደቡ 13፣ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው። 12 እና 18 ሠላሳ ይሆናሉ። 11 እና 19 ሠላሳ ስለሆኑ አበቅቴና መጥቅዕ ዘወትር ሠላሳ ይሞላሉ፤ ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል። ይህን ሥርዓት የሠሩ ሊቃውንት ተማሪው በመምህሩ ላይ ብቻ ሳይደገፍ ራሱን የሚያርምበትን መንገድ ስሌቱ ውስጥ አኑረውለታል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአቅም ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ማን ያርማል? ከባድ ነው፤ የተማሪ ጽሑፍም እንደ ኮል ብዜት የጠራ አይሆንም፣ ሁለት አራሚዎችም ለአንድ ወረቀት የተለያየ ማርክ ሊሰጡ ይችላሉ። ኮል ዓመታት የፈጀበትን ሌላው በአንድ ሰዓት እንደሚፈትሸው ሁሉ ግን፣ የታየ መንገድን መመርመር መንገዱን ከማግኘት እጅግ ይቀላል። ሁለት ጥያቄ ማረም ሁሉንም ማረም አይደለም፤ ጅማሬውም መምህሩ ተማሪዎቹን በሚያውቅበት በክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወጪውን አልክድም። ዛሬ ምንም እንደማንከፍል ግን አናስብ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አንድ ማረጋገጫ መጻፍ ሲያቅተው ያንን የሚከፍለው እሱና መምህሮቹ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል። መርሴን ያለ ማረጋገጫ ባይናገር ኖሮ ሉካስም ኮልም ይህን ቁጥር ባልነኩት ነበር፤ ግምትን የሚቀጣ ፈተና ድፍረትን አይገድልም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለው። ኦይለር በ1772 የ31 ሁለቶችን ቁጥር፣ ሉካስ ደግሞ የ127ቱን ብቸኛነት ያረጋገጡት የመርሴንን ዝርዝር ይዘው ነው። ግምት ግን ያን ያህል ፍሬ ያፈራው ሌሎች እንደ ግምት ይዘው ስለመረመሩት ነው። እንደ መልስ ተይዞ ቢቀር 67 እስከ ዛሬ ከብቸኞቹ ጋር በተቆጠረ፣ 61ም በ1883 በሩሲያዊው ካህን በፔርቩሺን እጅ ባልወጣ ነበር። መንገድን የሚጠይቅ ፈተና «እዚህ ድረስ አረጋግጫለሁ፣ ከዚህ ወዲያ ግምቴ ይህ ነው» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ከፊል ማርክ መስጠት ይችላል። ፊደል የሚቆጥር ፈተና ይህን ማድረግ አይችልም። ድፍረትን የሚያከብረው የቱ ነው?

ኮምፒውተር ኮልን በቅጽበት ይተካዋል የሚሉም አሉ። ለ21 አሃዝ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ግን ማሽኑም ይቆማል፣ የባንክ መልእክታችን ምስጢርም ከዚሁ ድንበር ጋር ታስሯል። በ1977 ማርቲን ጋርድነር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የሆነ ባለ 129 አሃዝ ቁጥር አወጣ፤ ለመፍታት 17 ዓመትና 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች ከነኮምፒውተሮቻቸው አስፈልገዋል። ዛሬ በስልካችንና በባንካችን መካከል ከሚያልፉት ቁልፎች ብዙዎቹ የቆሙት ማባዛት ቀላል፣ ብዜቱን መልሶ መፍታት ግን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። ይህ የሀብታም አገሮች ጉዳይ ብቻ ነው የሚልም ካለ፣ በ2002 ሕንድ ካንፑር የሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ማኒንድራ አግራዋል ከሁለት ወጣት ተማሪዎቹ ከኒራጅ ካያልና ከኒቲን ሳክሴና ጋር ማንኛውንም ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን በተመጣጠነ ጊዜ፣ ያለ ግምት የሚለይ ዘዴ አገኙ። ዓለም ለዘመናት ሲፈልገው የኖረ ዘዴ ነበር። ጥቂት ገጾች ላይ የሠፈረ ነው፤ ያስፈለጋቸው ማረጋገጫ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ማወቅ እንጂ ግዙፍ ማሽን አልነበረም።

የኮል ዓይነት ሥራም አላለቀም። 1,277 ሁለቶችን አባዝተን አንድ ስንቀንስ ባለ 385 አሃዝ ቁጥር እናገኛለን። የሉካስ ምርመራ ብቸኛ አለመሆኑን በማያሻማ ሁኔታ ያሳያል። ምን በምን ተባዝቶ እንደተገኘ ግን ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ ያሳየ የለም፤ ከሚያካፍሉት ቁጥሮች አንዱም አልታወቀም።